ነርቯን የነካት ማን ነው?



«ነርቭ» የሚለው ቃል ከሐኪም ቤት ወጥቶ ቤተሰብ ውስጥ ከገባ ቆይቷል። የተቆጣ ሰው «ነርቭ ሆነ» ይባላል፤ ቶሎ የሚከፋት ሴት «ነርቭ አለባት» ትባላለች። ሰው ድንገት ታሞ ሲወድቅ ደግሞ ከመውደቁ በፊት ማን ምን እንዳለው ይጣራና «ነርቯን የነካት እሱ ነው» ተብሎ ጥፋተኛው ይለያል። በእኛም ቤት እንዲሁ ተደርጎ ጥፋተኛ ተገኝቶ ነበር፤ እሱም የገዛ ወንድማችን ነው። ይህን ጽሑፍ የምንጽፈው ስለዚያ ፍርድ ነው። «እኛ» ስንልም ይህን ብዕር የያዝነውንና ታናሽ እህታችንን ማለታችን ስለሆነ፣ ሌላው ቤተሰብ በሚነገረው አይጠየቅበት።

መጋቢት 20 ቀን 2014 ዓ.ም. ማክሰኞ፣ ረመዳን ሊገባ አራት ቀን ሲቀረው፣ እቴቴ ብለን የምንጠራት ታላቅ እህታችን ለሾርባ የሚሆን አጃ ስትለቅም ቆይታ ድንገት ራሷን በሁለት እጇ ያዘች። «ማን ነው የመታኝ?» አለች። ከኋላዋ ማንም አልነበረም። ወዲያው አስመለሳት፤ አንገቷም ደርቆ አልታጠፍ አለ። ሐኪም ቤት ስናደርሳት በሲቲ ስካን የራስ ቅሏ ፎቶ ተነሣ፤ ከአንጎሏ ሥር፣ ጥቁር መሆን በሚገባው ቦታ ላይ፣ ነጭ ነገር ተረጭቶ ታየ። ሐኪሙ ደም መሆኑን ነገሩን።

አንጎልን የሚመግቡት ትልልቅ ደም ቅዳ ቧንቧዎች ከሥሩ ተገናኝተው ክብ ይሠራሉ። ይህን ክብ እንግሊዛዊው ቶማስ ዊሊስ በ1664 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ በሥዕል ስላሳየው እስካሁን በስሙ ይጠራል። የእነዚህ ቧንቧዎች ግድግዳ አንዳንድ ቦታ ላይ ይሳሳና እንደ ፊኛ ያብጣል፤ አኑሪዝም የሚባለው ይህ ነው። ሲፈነዳ ደሙ አንጎልን በሸፈኑት ስስ ሽፋኖች መካከል ውኃ መሰል ፈሳሽ ወደሚመላለስበት ክፍተት ይገባል። አደጋ ሳይደርስ እንዲህ ባለው ቦታ ደም ከፈሰሳቸው 100 ሰዎች በ85ቱ ያህል ምክንያቱ የፈነዳ አኑሪዝም ነው። የእቴቴም ይኸው ነበር።

ከዚያ እስከ ሐሙስ ድረስ የተሰጠን ትእዛዝ አንድ ነበር፦ ክፍሉ ጸጥ ይበል፣ መብራት ይቀነስ፣ ማንም እንዳያስቆጣት። ሐሙስ ቀዶ ሕክምና ተደረገላትና ያበጠው ቦታ አንገቱ ላይ በትንሽ የብረት መቆንጠጫ ታሰረ። አል-ሐምዱ ሊላህ፣ ዐርብ ማታ ስማችንን እየጠራች ከልዩ ክትትል ክፍል ወጣች። ጸጥታ የታዘዘው የተቀደደው ቧንቧ ሳይታሰር የደም ግፊት ጨምሮ እንደገና እንዳይፈነዳ መሆኑን ያን ጊዜ አልጠየቅንም፤ የነገረንም አልነበረም። «አታስቆጧት» የሚለው ቃል ብቻ ጆሯችን ውስጥ ቀረ።

ከዋርዱ ሌላ ትእዛዝ ተቀበልን። ኒሞዲፒን የሚባል እንክብል በየ4 ሰዓቱ ሁለት ሁለት ፍሬ፣ ሌሊትም ቢሆን ቀስቅሰን፣ ለ21 ቀን እንድንሰጣት፤ ውኃም በደንብ እንድትጠጣ። መድኃኒቱ በሐኪም ቤቱ ስላልነበረ ከውጭ ፈልገን የገዛነው እኛ ነን፤ በእጃችን የምንሰጣትም እኛው ነበርን። ግሉኮሱ ተነቅሎላታል። ቅዳሜ ረመዳን ገባ።

እቴቴ ከልጅነቷ ጀምሮ ያለ ምክንያት ጾም ፈትታ አታውቅም። «አፌ ላይ ምን ጎደለ? እጾማለሁ» አለች። በሽተኛ ጾሙን ፈትቶ ሲሻለው ሊከፍል የተፈቀደለት መሆኑ በሱረቱል በቀራ በግልጽ የሰፈረ ነው። እኛ ደግሞ ከመደበኛው ሥራችን ሌላ ከዐስር ሶላት በኋላ በመድረሳ ሕፃናትን የምናስተምረው ይህንኑ ነው። ይህን እያወቅን እሺ አልናት። ለምን ተብለን ብንጠየቅ መልሳችን ደካማ ነው። ታላቃችን ናት፤ ደግሞም እንድትጾም መፈለጓ የመዳኗ ምልክት መስሎን ደስ ብሎናል። የጠዋቱን 12 ሰዓት እንክብል ወደ ሱሑር አሳብነው፤ የ4 ሰዓቱንና የ8 ሰዓቱን ግን አሳለፍነው። ቅዳሜ፣ እሑድ፣ ሰኞ። ውኃም ቀኑን ሙሉ አልቀመሰችም። ለነርሷ «ሰጥተናታል» አልን።

ሰኞ ከኢፍጣር በኋላ ሁለተኛው ታላቃችን፣ ጋሼ የምንለው፣ ከጅማ ደረሰ። እንኳን አላህ አተረፈሽ ብሎ፣ ግንባሯን ስሞ፣ ተምር አጉርሷት ተቀመጠ። እንዴት ወደዚያ እንደደረሱ እንጃ፣ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ወሬው ጅማ ስላለው ስለ አባታችን ቤት ሆነ። እሱ ይሸጥ የሚል ነው፤ እሷ በሕይወት እያለሁ አይሸጥም የምትል። ሁለቱም ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። እውነቱን ለመናገር ይበልጥ የጮኸችው እሷ ነበረች። ነርስ መጥታ አስወጣችው።

በማግሥቱ ማክሰኞ፣ ከታመመች ልክ በሳምንቱ፣ ለሱሑር ስንቀሰቅሳት ዓይኗን ገልጣ አየችን፤ መልስ ግን የለም። ቀኝ እጇን ስናነሣው ተመልሶ ወደቀ።

ፍርዱ የተሰጠው በዚያው ጠዋት፣ በኮሪደሩ ላይ ነው። የአጎታችን ሚስት «ነርቯን ነካት» አለች፤ ሌላውም ተቀበላት። እኛ ዝም አልን። ጋሼ ግድግዳውን ተደግፎ ይሰማ ነበር። ከሰዓት በኋላ ወደ ጅማ ተመለሰ፤ ለዒድም አልመጣ። ስልክ ሲደውል የሚያነሣለት ጠፋ።

በዚያ ጠዋት በተነሣው ፎቶ ግራውን አንጎል የሚመግበው ትልቁ ደም ቅዳ ከሥሩ እስከ መኻሉ ጠቦ ክር አክሎ ታየ። እንደገና ልዩ ክትትል ገባች፤ መድኃኒቱም በአፍንጫዋ በኩል በገባ ቱቦ ሰዓቱን ጠብቆ ይሰጣት ጀመር። 21ኛው ቀን ሲሞላ ታናሽ እህታችን የመድኃኒቱን ካርቶን ልትጥል ስታነሣው ውስጡ ድምፅ ሰጠ። 12 ፍሬ ነበር። በቀን አራት፣ ለሦስት ቀን። ሁለታችን ተያየን፤ ካርቶኑን ፎጣ ውስጥ ጠቅልለን ቤት ወሰድነው።

ሐምሌ ላይ እቴቴን ለክትትል ስንወስዳት ቀዶ ሐኪሙን «ወንድማችን አስቆጥቷት ነርቯ ተነክቶ ነው የሚሉ አሉ፤ እውነት ነው?» ብለን ጠየቅነው። ሳቀብን ብለን ነበር፤ አልሳቀም። ወረቀት ስቦ መሣል ጀመረ። ብዙ ሐኪም ለቤተሰብ ያንን ያህል ጊዜ አይሰጥም፤ አላህ ይስጠው።

ደም ከቧንቧው ውስጥ ሲሆን መጋቢ ነው፤ ከውጭ ሆኖ ቧንቧውን ከበው ሲቀመጥ ግን መርዝ ይሆንበታል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የፈሰሱት ቀይ የደም ሴሎች እንዳሉ ስለሆኑ ብዙ ጉዳት አያደርሱም። ከሦስትና ከአራት ቀን በኋላ እየፈረሱ ሄሞግሎቢናቸውን ሲለቁት ነው ችግሩ የሚጀምረው። ጤነኛ ደም ቅዳ ጡንቻው እንዲላላ ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚባል ጋዝ ራሱ ያመርታል፤ ሄሞግሎቢን ይህን ጋዝ ይውጠዋል። በአንጻሩ ኤንዶቴሊን የሚባለው፣ የጃፓን ተመራማሪዎች በ1988 እ.ኤ.አ. ያገኙት ኃይለኛ አጥባቂ ንጥረ ነገር ይጨምራል። ካልሲየም ወደ ጡንቻው ይገባል፤ ቧንቧው ይኮማተራል። መጥበቡ በአብዛኛው ከሰባተኛው እስከ ዐሥረኛው ቀን ድረስ ይበረታል፤ በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥ ይለቃል። ነገሩ በሕይወት ባለ ሰው ላይ መጀመሪያ በራጅ የታየው በ1951 እ.ኤ.አ. ነው፤ ያሳዩትም ኤከርና ሪመንሽናይደር የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ሐኪሞች ናቸው። እንዲህ ደም ከፈሰሳቸው ሰዎች እስከ ሁለት ሦስተኛ በሚደርሱት ላይ መጥበቡ በፎቶ ይታያል፤ በሕመም ምልክት የሚገለጠው ግን ከ100 በ30 ገደማ ላይ ነው።

«ታዲያ ነርቭ የለበትም?» አልነው። «አለበት እንጂ፤ የእናንተ ነርቭ ግን አይደለም» አለን።

ይህን ክፍል ዘርዘር አድርገን ብንጽፈው አንባቢ አይከፋብንም ብለን እናምናለን፤ እኛ ራሳችን ባዮሎጂ እያስተማርን ያላወቅነው ነውና። የአንጎል ደም ቅዳዎች ከውጭ ሲታዩ በቀጫጭን ነርቮች እንደ መረብ የተከበቡ ናቸው። ነርቮቹ የሚመጡት ከሦስት ቦታ ነው። የመጀመሪያው ሲምፓቴቲክ የምንለው፣ ተማሪዎቻችንን «ለመሮጥ ወይም ለመታገል» እያልን የምናስጠናው ነው፤ ከኅብለ ሰረሰር ወጥቶ አንገት ላይ ባለ የነርቭ ቋጠሮ ያልፍና ትልቁን የአንገት ደም ቅዳ ተከትሎ ወደ ራስ ይወጣል። ከጫፉ ኖርአድሬናሊንና ኒውሮፔፕታይድ ዋይ ይለቅቃል፤ ሁለቱም ቧንቧን ያጠብባሉ። ሁለተኛው ከአፍንጫ በስተኋላ ካለ ቋጠሮ የሚነሣ ፓራሲምፓቴቲክ ነው፤ ሥራው ማስፋት ነው። ሦስተኛው ትራይጀሚናል፣ የፊት ስሜትን የሚያመላልሰው ነርቭ ነው። ራስ ምታትን የሚያሳውቀን እሱ ነው፤ እግረ መንገዱን ግን ሲጂአርፒ የተባለ ንጥረ ነገር ከጫፉ እየለቀቀ የጠበበ ቧንቧን ያሰፋል። ማንቂያውም እሳት አጥፊውም አንድ ሰው እንደሆነበት ሰፈር ማለት ነው።

አኑሪዝም ሲፈነዳ ሚዛኑ በአንድ ጊዜ ይዛባል። የሲምፓቴቲኩ ወገን እንደ ጎርፍ ይለቀቃል፤ በደም ውስጥ ያለው ኖርአድሬናሊን ከፍ ብሎ ለቀናት ይቆያል። ጎርፉ አንዳንዴ ጤነኛ ልብን እስከ መጉዳት ይደርሳል። የእቴቴ የልብ ምርመራ በመጀመሪያው ቀን የተዛባ ሆኖ ሲገኝ «ልቧም ታማ ነበር እንዴ?» ብለን የደነገጥነው ለካ ከዚህ የተነሣ ነው። በሌላ በኩል የትራይጀሚናሉ ነርቭ ያለውን ሲጂአርፒ ሁሉ ለቅቆ ጎተራው ይራቆታል። በዚህ ሕመም ከሞቱ ሰዎች የተወሰዱ የአንጎል ደም ቅዳዎች ሲመረመሩ በነርቮቻቸው ላይ ይህ ንጥረ ነገር ተመናምኖ ተገኝቷል። አጥባቂው በርትቶ አስፊው ባዶ እጁን ሲቀር፣ ከውጭ ደግሞ የፈረሰው ደም ሲያነድ፣ ቧንቧው በሁለት በኩል ተይዟል ማለት ነው። ከሁለቱ ዋናው ግን ደሙ ነው። በ1980 እ.ኤ.አ. ፊሸርና ባልደረቦቹ እንዳሳዩት፣ በሲቲ ስካን ላይ የሚታየው ደም ወፍራም በሆነ ቁጥር የመጥበቡ ዕድል ይጨምራል።

ነርቩን ይዞ ለማከም የተሞከረም አለ። ሲጂአርፒን በደም ሥር የመስጠት ሙከራ በአውሮፓ ከ100 በላይ በሽተኞች ላይ ተደርጎ ውጤቱ በ1992 እ.ኤ.አ. ታትሟል። የአንጎሉን ቧንቧ ያሰፋል የተባለው የመላ ሰውነትን ቧንቧ እያሰፋ የደም ግፊታቸውን ስለጣለው ብዙዎቹ ሕክምናውን ሳይጨርሱ ቀሩ፤ ጥቅሙም አልታየም። (ያው ንጥረ ነገር በማይግሬን ራስ ምታት ላይ ጠላት ነው፤ እሱን የሚያግዱ መርፌዎች ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ናቸው።) በ2003 እ.ኤ.አ. በወጣ ሌላ ጥናት ዘጠኝ በሽተኞች አንገታቸው ላይ ያለው የሲምፓቴቲክ ነርቭ በማደንዘዣ ተይዞ ወደ አንጎላቸው የሚደርሰው ደም ተሻሻለ፤ የሚገርመው ግን በፎቶ የሚታዩት ትልልቅ ቧንቧዎች ስፋት አልተለወጠም። ነርቩ የሚሠራው በፎቶ በማይታዩት ቀጫጭኖቹ ላይ ሊሆን ይችላል።

«አሁን ወደ ወንድማችሁ እንምጣ» አለን ሐኪሙ። ቁጣ የሲምፓቴቲክ ነርቭን ለጊዜው ያነሣሣል፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ጎርፉ ከወንድማችን በፊት ሳምንት ሙሉ ሲወርድ ቆይቷል። እንደዚያ ክር ያከለ ቧንቧ በአንድ ሌሊት አይጠብብም፤ ጋሼ ጅማ አውቶቡስ ላይ ሳይወጣ በፊት መጥበብ ጀምሯል። አልጋው አጠገብ ማንም ድምፁን ከፍ ያላደረገበት በሽተኛም በዚያው በሰባተኛው በስምንተኛው ቀን ይጠብበታል። ከዚያ ፈገግ አለና «ማክሰኞ ጠዋት እኔ ምን እንዳደረግሁ ታውቃላችሁ? የደም ግፊቷን በመድኃኒት ሆን ብዬ ከፍ አደረግሁት» አለን። የፈነዳው ቦታ ከታሰረ በኋላ በጠበበው ቧንቧ ውስጥ ደም እንዲያልፍ የሚደረገው ይህ ነው። እኛ ጋሼን የከሰስነው የደም ግፊቷን ጨመረ ብለን ነበር።

ልንነሣ ስንል፣ መጻፊያውን ኪሱ እየከተተ፣ «ኒሞዲፒኑን በሰዓቱ ስትሰጧት ነበር አይደል?» አለ።

«አዎ» አልን።

ታክሲ ውስጥ ሁለታችንም አልተናገርንም። በዚያ ክረምት ትምህርት ቤት ዝግ ስለነበረ ስለዚህ መድኃኒት ያገኘነውን ሁሉ አነበብን። በእንግሊዝ አገር በ554 በሽተኞች ላይ ተደርጎ በ1989 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አለ። ግማሾቹ እንደ እቴቴ በየ4 ሰዓቱ ለ21 ቀን መድኃኒቱን፣ ግማሾቹ ደግሞ መድኃኒት የሌለበትን አምሳያ ወሰዱ። የአንጎል ክፍል ደም አጥቶ የሞተባቸው ከወሰዱት መካከል ከ100 22፣ ካልወሰዱት መካከል ከ100 33 ነበሩ። መድኃኒቱ ካልሲየም ወደ ሴል እንዳይገባ ያግዳል፤ ቧንቧውን በፎቶ ሲያዩት ብዙም ሳያሰፋው አንጎልን ግን ይጠብቃል። ቧንቧ ማስፋት ብቻውን በቂ አለመሆኑን ኋላ የመጣ ሌላ መድኃኒት አሳይቷል፦ ክላዞሴንታን ኤንዶቴሊንን አግዶ መጥበቡን በግልጽ ቢቀንስም በ2011 እ.ኤ.አ. በወጣው ትልቅ ሙከራ የበሽተኞቹን መጨረሻ አላሻሻለም፤ ያም ሆኖ ጃፓን በ2022 እ.ኤ.አ. ፈቅዳዋለች። ኒሞዲፒንን ግን በ2023 እ.ኤ.አ. የወጣው የአሜሪካ የልብና የስትሮክ ማኅበራት መመሪያም ይመክረዋል፤ የሰውነት ፈሳሽ እንዳይጎድልም ያሳስባል።

ሁለቱን በሚዛን አስቀመጥናቸው። በአንድ በኩል የጋሼ ግማሽ ሰዓት ጩኸት፣ ማስረጃ የሌለበት። በሌላ በኩል የእኛ ስድስት ሰዓት ያመለጠ መድኃኒትና ሦስት ቀን ያልተጠጣ ውኃ። መድኃኒቱን በሥርዓት ከወሰዱትም 22ቱ እንደሚጎዱ ቁጥሩ ይናገራል፤ ስለዚህ እኛ ነን ያደረግነው ብለን መማል አንችልም። እሱ ነው ሲባል ግን ዝም ያልነው እኛ መሆናችን ጥርጥር የለውም።

ቀጠሮ ሳንጠብቅ ሄደን መጀመሪያ ለሐኪሙ ነገርነው። ጥቂት ዝም ብሎ «ያን ጊዜውኑ ብትነግሩኝ ፈሳሹን አልነቅልም ነበር» አለ፤ ሌላ አልጨመረም። ለእቴቴ ስንነግራት በግራ እጇ አፋችንን ከደነች። ቃል እስክታገኝ ብዙ ቆየች። «እኔ... ነኝ... ያልኩት» አለች። ጾሙን ማለቷ ነው።

ጥቅምት 2015 ዓ.ም. ላይ ካርቶኑን ይዘን ሁለታችን ጅማ ወረድን። ጋሼ በር ከፍቶ ሲያየን ሞት ልናረዳው የመጣን መስሎት ፊቱ ዐመድ መሰለ። ሳንቀመጥ ነገርነው። እንክብሎቹን ትሪ ላይ ዘርግፎ በጣቱ እየገፋ ቆጠራቸው፤ ከዚያ እንደገና ቆጠራቸው። ሚስቱ ቡናውን አቅርባ ወጣች።

«ታዲያ ነርቭ የለበትም ነው የምትሉኝ?» አለ በመጨረሻ።

«አለበት» አልነውና በደብተር ወረቀት ላይ ሐኪሙ እንደሣለልን ሣልንለት። ከአንገት የሚወጣውን፣ ከአፍንጫ ኋላ ያለውን፣ የፊቱን። የራሱን አንገት በእጁ እየዳሰሰ ተከታተለን። አጥባቂው የትኛው ነው፣ አስፊው የትኛው ነው እያለ ሁለት ሦስት ጊዜ ጠየቀ። በእኛ ላይ ቢጮኽ ይቀለን ነበር።

ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና ስልኩን አውጥቶ እቴቴ ጋ ደወለ። ድምፁን ሲሰማ አነሣች። ሰላምታዋን እስክትጨርስ ጠበቃት። ቀጥሎም ብዙ ዝምታ ሆነ፤ ቃል እየፈለገች እንደሆነ ስለነገርነው አላቋረጣትም፤ ስልኩን በጆሮው ላይ እንዳደረገ ወደ ግቢው ተመለከተ።

«ቤቱን...» አለች፤ «ሸጥ... ከው?»

«አልሸጥኩም፣ እቴቴ።»

«እንዳት... ሸጠው።»